ሣር ውስጥ የጠፋችው ሚሞሪ

ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን አትክልተኛ ሣር ሲያጭድ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ የታጨደው ሣር ሽታ በመስኮት ገብቶ ቢሮውን ሞላው። ሌላ ሰው እንዲህ ሲሸተው ደረቱን ነፍቶ አየር ይስባል። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገብቶ የስልኬን ጀርባ ዳበሰ። ሚሞሪዋ በቦታዋ መኖሯን ሊያረጋግጥ ነው። የአሁኑ ስልኬ ደግሞ ሚሞሪ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ የለውም።

ሰውን የገዛ እጁ ሲያታልለው ይገርማል። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ፤ እንደገና ቁጭ አልኩ። ድሮም እንዲህ ነኝ። እህቴ "አንተን ስትወለድ ጉንዳን ላይ ነው ያስቀመጡህ" ትለኝ ነበር።

ጊዜው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ የፈታሁበት ነው። ከእህቴ ጋር ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። እህቴ በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። ሙዝ ነጋዴ ናት፤ ከገበሬው ትረከብና ወደ አዲስ አበባ ለሚሄዱት የጭነት መኪናዎች ታስረክባለች። ጣቶቿ ሙዙ ሲቆረጥ በሚያፈሰው ፈሳሽ ጠቁረው ሳሙና አያስለቅቃቸውም። ቤታችንም እንደዚያው ነበር፤ ጠዋት ጥሬ ሙዝ ይሸታል፣ ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል የበሰለ ሙዝ ይሸታል፣ እኔ እዚያ መካከል ጋደም ብዬ ጣሪያው በሙቀት ሲንቋቋ እሰማለሁ።

ተራራ ላይ ካለች መንደር፣ ከኦቾሎ ነን። አባታችን እንደ ብዙ የአገራችን ሰው ሸማኔ ነበር። እኔ ገና ጡት ሳልጥል ሸማ ሊሠራ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። መጀመሪያ ገንዘብ ይልክ ነበር፣ ቀጥሎ ሰላምታ፣ በኋላ ምንም። እናታችን ስትሞት እህቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ከተራራው ወደ ሲቀላ ወረደች፤ ለእኔ ስትል ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፣ ባል አላገባችም። ለእሷ አዲስ አበባ ሰው ገብቶ የማይወጣባት ቤት ነበረች። ይህን በአፏ ብላው አታውቅም። ብቻ ሙዟን በየሳምንቱ እየላከች አንድም ቀን እዚያ መኪና ላይ ወጥቼ ልያት ብላ አታውቅም። እስከ ዛሬም አላየቻትም። ነይ እስቲ ጠይቂኝ ስላት አሁን የሙዝ ወቅት ነው ትለኛለች፤ ሙዝ ደግሞ ወቅት የለውም።

እኔ መሄድ ብቻ ነበር የምፈልገው። የት፣ ለምን፣ አትጠይቁኝ። መናኸሪያ ሄጄ የማላውቃቸውን ሰዎች እየሸኘሁ የዋልኩበት ቀን አለ። አብረውኝ የተመረቁት አንድ በአንድ ወጡ፤ እኔ ከሲቀላ ወደ ሌላው የከተማው ግማሽ ወደ ሴቻ፣ ከሴቻ ሲቀላ በእግሬ ስመላለስ የጫማዬ ሶል አለቀ። ሥራ ፍለጋውም እንደ ድሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም አይደለም፤ ነገር ዓለሙ ስልክ ውስጥ ነው። ስልካችን ደግሞ አንዲት ናት።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ እህቴ የገዛችልኝ ርካሽ ስልክ ናት። መስታወቷ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ትንሽ ስትሠራ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ትግላለች። ሆዷ ግን ጠባብ ነው። እኔ ቴሌግራም እጭንባታለሁ፤ ክፍት የሥራ ቦታ የሚወጣው እሱ ላይ ነው። የትምህርት ማስረጃዬን ፎቶ አንሥቶ ወደ ፋይል የሚቀይር አፕ፣ የእንግሊዝኛ መለማመጃ፣ የፈተና ጥያቄ የሚሰጥ፣ ምኑ ቅጡ። እህቴ ደግሞ መዝሙር ትቀዳባታለች። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አባል ናት፤ ትምህርት ገና በልጅነቷ ስላቋረጠች ግጥሙን የምታጠናው ከወረቀት አንብባ ሳይሆን ሰምታ ነው። ልምምዱን ከሳሉ፣ ከወንበሩ ጩኸት፣ ከመሪው ቁጣ ጋር ሳትቆርጥ ትቀዳዋለች። ከዚያ ቤት መጥታ ሙዝ እየለየች እሱን ትከፍትና አብራ ትዘምራለች።

ጠቡ የሚነሣው እራት ከተበላ በኋላ ነው። ስልኳ ቦታ የለኝም ትላለች። እኔ ይኸው አንድ መዝሙር ሁለቴ ተቀድቷል፣ አንዱ ይጥፋ እላለሁ። እህቴ አንድ አይደሉም ትላለች፤ በመጀመሪያው አልቶዎቹ ተሳስተዋል፣ ስሕተቱንም ካላወቅሁ እንዴት እታረማለሁ። ከዚያ በተራዋ አፖቼን በጠቆረ ጣቷ እየጠቆመች ይቺ ምን ትሠራለች፣ ይቺስ ሥራ ሰጠችህ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ፎቶ አጠፋን፣ የቴሌግራም ኮተት ጠረግን፣ አንዱን አፕ አጥፍቼ ሌላውን እየጫንኩ፣ ያጠፋሁትን በነጋታው መልሼ እየጫንኩ ኖርን። አንዳንዴ ለአንድ ማመልከቻ ብዬ ቴሌግራሙን ራሱን አጥፍቼ አውቃለሁ፤ ስመልሰው ማስታወቂያው ቀኑ አልፎበት ይጠብቀኛል።

በመጨረሻ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄድኩ። ጥፍር የምታክል ጥቁር ሚሞሪ አውጥቶ አስገባልኝ። ሰው ሁሉ ሚሞሪ የሚጠቀመው መዝሙርና ፎቶ ለማስቀመጥ ነው፤ እሱ ግን ከስልኳ የውስጥ ሆድ ጋር አንድ እንድትሆን አድርጎ አስተካከላት። አፖቹንም እየከፈተ ወደ ሚሞሪዋ አዛወራቸው። የሚዛወር አለ፣ እምቢ የሚል አለ። ሲጨርስ አስጠነቀቀኝ። ከእንግዲህ ሚሞሪዋ ከዚህች ስልክ በቀር ሌላ ስልክ ላይ አትነበብም፤ ከወጣችም እሷ ላይ ያሉት አፖች አይከፈቱም፤ ስትመለስ ይመለሳሉ። ሌላ ስልክ ውስጥ ገብታ "ፎርማት ትደረግ?" የሚል ከመጣ ግን እሺ እንዳትል፣ ያኔ ሁሉም ይጠፋል አለኝ። ቤት ገብቼ ቃል በቃል ለእህቴ ነገርኳት።

"ተጋቡ በለኛ" አለችኝ።

ለጥቂት ወራት ሰላም ሆነ። አፖቹ ከሚሞሪ ላይ ሲከፈቱ ያዘግማሉ፤ እኔ እስኪከፈቱ ከበሩ እስከ አልጋው እንቆራጠጣለሁ። እህቴ ግን ሳትሳቀቅ ትቀዳለች። ቦታ ስታገኝ ባሰባት፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትለማመድም መቅዳት ጀመረች። እኔ ሳልፍ ሰሃን ካንኳኳሁ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ያ ማስታወቂያ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት አዲስ ተመራቂዎችን ይፈልጋል፤ ፈተናውን የሚሰጠው በራሱ አፕ ነው። አፑን ያወርዳሉ፣ ይመዘገባሉ፣ በተመዘገቡበት ስልክ ሰኞ ጠዋት ይፈተናሉ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ አፑ ከጠፋ እንደገና መመዝገብ የለም። ስልኳ በራሷ ሆድ አልቀበልም አለች፤ ወደ ሚሞሪዋ አዛወርኩት፣ ተመዘገብኩ። በዚያ ዓመት ካመለከትኩበት ሁሉ ለፈተና የተቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ለእህቴ ስነግራት ሙዝ በቅጠል እየሸፈነች ነበር። ቀና ሳትል ሥራው የት እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቅጠሉን አስተካክላ ጌታ ያቃናልህ አለችኝ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ ይህን ግን በአማርኛ ነበር ያለችው፣ ገበያ ላይ ለምታገኘው ሰው እንደምትናገረው። የዚያን ቀን መዝሙር አልከፈተችም። ቅዳሜ ዕለት ሸሚዜን ስታጥብ ደግሞ ቀና ብላ፣ የአባታችን ፊት ትዝ ይልሃል ወይ አለችኝ። እንዴት ትዝ ይለኛል አልኳት። እኔንም እየጠፋኝ ነው አለችና ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

አሁን አትክልተኛው ወደ ሌላው ጥግ ዞሯል፤ ሽታው ግን አልቀነሰም። መስኮቱን ልዝጋው ብዬ ተነሥቼ ሳልዘጋው ተመለስኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ መዘምራኑ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጋውናቸውን ሳያወልቁ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰቡና ሚሞሪ ይለዋወጣሉ። አዲስ መዝሙር የቀዳ ሚሞሪውን አውልቆ ለመሪው ይሰጣል፤ መሪው በስልኩ ገልብጦ ለቀሩት ያዳርሳል። ለኢንተርኔት ከመክፈል ይህ ይቀላል። ደግሞም የወንድምን ሚሞሪ ተቀብሎ ስልክ ውስጥ ማስገባት፣ የራስንም ሳይሰስቱ መስጠት የፍቅር ምልክት ዓይነት ነበር፤ የእኔ አይወጣም ማለት ነውር ነው። እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜ እህቴን እጠብቅ ነበር። ልቤ ሰኞ ላይ ነው፤ እግሬ ጠጠር ይገፋል።

የሳምንቱን መዝሙር አጥርታ የቀዳችው እህቴ ነበረች። መሪው በሰው ሁሉ ፊት እህት፣ የአንቺን አምጪ አላት። እስከዚያ ቀን የእሷን የጠየቀ አልነበረም፤ እጇ የሌሎቹን እጅ ተከተለ፤ የስልኳን ጀርባ ከፍታ ሚሞሪዋን ነቅላ ሰጠችው። ከበሩ ሆኜ እጇ ሲዘረጋ አየሁ። እየተጣራሁ ሮጥኩ። ስደርስ ሚሞሪዋ የመሪው ስልክ ውስጥ ገብታ፣ ስልኩ አትነበብም፣ ፎርማት ትደረግ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ የመሪው አውራ ጣት እላዩ ላይ ነበር። እንዳትነካው አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ግን ድንጉጥ። የሰው ንብረት አበላሸሁ ብሎ ሚሞሪዋን በጥድፊያ ሲነቅላት ከጣቱ ሾልካ ሣሩ ውስጥ ገባች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኛ የምንለቅመውን አጣነው።

የሚያዝያ ዝናብ ያሳደገው ሣር ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይደብቃል። ሚሞሪዋ ጥቁር፣ አፈሩም ጥቁር። ለመሪው የሰኞውን ፈተና ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ማንም እግሩን ሳያይ እንዳይራመድ አዘዘና መጀመሪያ እሱ ራሱ ተንበረከከ። ከዚያ ሁሉም ወይን ጠጅ ጋውናቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። በየድምፃቸው፣ ሶፕራኖ ከሶፕራኖ፣ አልቶ ከአልቶ፣ ባሶቹ ከኋላ፤ ማንም ሳያዛቸው እንደ መድረኩ ነበር የተሰለፉት። ሣሩን በጣታቸው እየገለጡ፣ እየነጩ ወደፊት ተሳቡ፤ የተነጨው ሣር ሽታ ግቢውን ሞላው። አንዷ ሳታስበው ማዜም ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሞ ቁልቁል ያየን ነበር። ከባሶቹ አንዱ ወርዶ ቢውጣትስ ብሎ በድንጋይ ሊያባርረው ሲነሣ መሪው አርፈህ ፈልግ አለው።

በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። በእኛ አገር ሽማግሌዎች የተጣላ ሲያስታርቁ እርጥብ ሣር ይዘው ይንበረከካሉ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ሰው ሣር ጨብጦ ተንበርክኮ ሲያይ ሌላ ምን ያስብ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማን ከማን ተጣልቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። ሚሞሪ ጠፍቶ ነው አሉት። ሞተሩን አጥፍቶ ገባና እሱም ተንበረከከ።

እኔ ብቻ አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። እዚህ ዳበስ አደርግና ወደዚያ እሄዳለሁ፣ ከዚያ የዳበስኩትን ተጠራጥሬ እመለሳለሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። መሬት ለመሬት ስድህ የማየው ጉልበትና መዳፍ ብቻ ነበር። በዚያ ሁሉ ጉልበት መካከል ሁለት እግር ቆሞ አየሁ። ነጭ የፕላስቲክ ጫማ፤ የእህቴ ነው። ሰው ሁሉ ተንበርክኮ እሷ ብቻ ቆማለች። በግራ ጫማዋ ጠርዝ፣ ከተጋደመው ሣር ሥር፣ የሚሞሪዋ ጥግ ይታያል።

ቀና አልኩ። መሬቱን አታይም፤ እኔንም አላየችኝም። ወደ ተራራው፣ ወደ ኦቾሎ ነበር የምታየው። ከንፈሯ ከሚዘምሩት ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። እንደረገጠቻት ታውቃለች። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ፊቷን አንብቤ አልሳሳትም።

እጄን ብዘረጋ እግሯን እነካ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈስኩም። ባለሁበት ተቀመጥኩ፣ ምናልባት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቁነጠነጥ። አባታችን ሲሄድ ያስቀረው ሰው አልነበረም፤ እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። እኔን ለማስቀረት ግን ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ እንደ ቆመች መቆም ብቻ። ሰው ይፈልጋል ይፈልጋል ይደክመዋል፣ ጌታ ያላለው ነው ይባላል፣ ሁለታችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እግሯን ካላነሣች እቀራለሁ ብዬ ወሰንኩ። በቁጣ አልነበረም፤ ስለምወዳት ነው። አፑ ቢጠፋ፣ ሥራው ቢቀር፣ ያን እግር ግን እኔ አልነካውም አልኩ።

መዝሙሩ አለቀ። ሌላ ጀመሩ። እሱም ሊያልቅ ሲል እህቴ እግሯን አነሣች። ጎንበስ ብላ ሚሞሪዋን ከጭቃው አወጣችና በጋውኗ እጅጌ ጠረገቻት።

"እዚህ አለ" አለች፣ የሙዝ ዋጋ በምትናገርበት ተራ ድምፅ።

መዘምራኑ ሃሌ ሉያ አሉ። መሪው እዚያው ሣሩ ላይ ምስጋና ጸለየ፤ የባጃጁ ሾፌር አሜን ብሎ ጉልበቱን እያራገፈ ወጣ። ሚሞሪዋን መልሰን ስናስገባት ደብዝዘው የነበሩት አፖች ቀስ በቀስ ቀለማቸው ተመለሰ። የፈተናው አፕ መጨረሻ ላይ ነበር የመጣው። እህቴ በትከሻዬ ላይ ሆና አብራኝ ታይ ነበር። መጣች ወይ አለችኝ። መጣች አልኳት። ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ምሳ ብቻ አወራን።

ሰኞ ተፈተንኩ። ስልኳ መሃል ላይ ጋለችብኝ፤ እህቴ ገበያዋን ትታ አጠገቤ ተቀምጣ በሙዝ ቅጠል አራገበችላት። አለፍኩ። በግንቦት መጨረሻ ገደማ ና ተባልኩ።

ስልኳን ከነሚሞሪዋ ለእህቴ ተውኩላት። አፖቼን በሙሉ አጥፍቼ ለመዝሙሯ ቦታ ለቀቅሁና እኔ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያ ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር፤ የናፍጣ ሽታና የረዳቶች ጩኸት ቦታውን ሞልቶታል። እዚያ እስክደርስ ይበስላል ብላ ጥሬ ሙዝ በከረጢት ቋጥራልኛለች። እኔ ትኬቴን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። እሷ የከረጢቱን ቋጠሮ ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። ገብቼ ቦታዬን ከያዝኩ በኋላ በመስኮቱ ሥር መጥታ ቆመች።

"ያን ቀን እግሬ ሚሞሪዋ ላይ ነበረ" አለችኝ።

"አይቻለሁ" አልኳት።

"አይተህ ዝም አልክ?"

"እስክታነሺው ነው የጠበቅሁት።"

ጣቶቿን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። "ባላነሣውስ?"

"እቀር ነበር።"

እውነቴን ነበር፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን መታ መታ አድርጎ ሾፌሩን ሂድ አለው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እህቴ መስኮቱን ሳትለቅ አብራ ተራመደች፣ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ፈጠን ብላ።

"ይሄን ያኔ ብትነግረኝ" አለችኝ፣ "አላነሣውም ነበር።"

ከዚያ መስኮቱን ለቀቀች።